የቺፕን ስም ጠበቃ ያወጣዋል

ጥያቄ፦ «ለትርጉም ቢሮዬ ያገለገሉ ላፕቶፖች ገዛሁ። ሻጩ ‹ኮር አይ7 ናቸው› ስላለኝ ጨምሬ ከፈልሁ። ጎረቤታችን ያለው የሒሳብ ቢሮ በአነስተኛ ዋጋ ኮር አይ5 ገዛ፤ የእነሱ ግን ከእኛ ይፈጥናል። የእኛዎቹ ኮር አይ7-7500ዩ ይላሉ፣ የእነሱ ኮር አይ5-8250ዩ። ተታልዬ ነው? ለመሆኑ እነዚህን ስሞች የሚያወጣቸው ማን ነው? በምን ሒሳብስ ነው የሚያወጣቸው?»

ምላሽ፦

ሻጩ አልዋሸዎትም። የገዙት እውነተኛ ኮር አይ7 ነው፣ ጎረቤትዎ የገዛውም እውነተኛ ኮር አይ5 ነው፣ የእሱ ከእርስዎ መፍጠኑም እውነት ነው። እነዚህ ሦስት እውነቶች የሚጣሉ የመሰሉን «አይ7» የሚለውን እንደ ሚዛን ስላነበብነው ነው። 7500ዩ በ2016 የወጣ ባለሁለት ኮር ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራ ቺፕ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። 8250ዩ በዓመቱ ተከትሎት መጣ፤ ኮሮቹ አራት ናቸው። ኮር ማለት በቺፑ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል ነው። የሚገርመው፣ መነሻ የሰዓት ፍጥነታቸው፣ ማለትም ቺፑ በሰከንድ የሚራመደው የእርምጃ ብዛት ሲታይ የእርስዎ 2.7 ጊጋኸርዝ፣ የጎረቤትዎ 1.6 ጊጋኸርዝ ነው። ስሙም ቁጥሩም ለእርስዎ ይመሰክራሉ፤ ሥራው ግን ለጎረቤትዎ ይፈርዳል። ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ ከፍቶ ለሚውል ቢሮ አራት ሠራተኛ ከሁለት ሠራተኛ ይሻላል።

የቺፕ ስም መለኪያ አይደለም። አምራቹ ዕቃው በዋጋ መደርደሪያው ላይ የትኛው እርከን ላይ እንዲቀመጥለት እንደሚፈልግ የሚናገር ምልክት ነው። አይ7 ማለት «በዚያ ዓመት፣ በዚያ የላፕቶፕ ዓይነት፣ ውዱ እርከን» ማለት ነው እንጂ በኪሎ ወይም በሊትር የሚቆጠር ነገር የለውም። በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያው መደርደሪያውን በሙሉ ከፍ ሲያደርገው የዚያኛው ዓመት አይ5 የዘንድሮውን አይ7 ሊበልጠው ይችላል። የእርስዎም ጉዳይ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ረዘም ያለ ምላሽ ይፈልጋል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በቺፕ ንግድ ውስጥ ግን የመልአኩን ቦታ የያዙት ጠበቃው እና የገበያ ባለሙያው ናቸው፤ ቺፑን የሠራው መሐንዲስ ስሙን ብዙ ጊዜ እንደ እኛው ከማስታወቂያ ይሰማዋል።

መጀመሪያ ላይ ስም የሚባል ነገር አልነበረም። የእርስዎንም የጎረቤትዎንም ቺፕ የሠራው ኢንቴል በ1971 ያወጣው የመጀመሪያው ማይክሮፕሮሰሰር 4004 ይባላል፤ ምክንያቱም ከ4001 እስከ 4004 የሚደርስ የአራት ቺፖች ቤተሰብ አባል ስለሆነ ነው። ከዚያ 8008፣ 8080፣ 8086 ተከተሉ። አይቢኤም በ1981 ያወጣው የግል ኮምፒውተር ልቡ 8088 ነበር። ቀጥሎ 286፣ 386፣ 486 መጡ። እነዚህ ቁጥሮች ለመሐንዲሶች የተጻፉ የዕቃ መለያዎች ናቸው፤ ማንም ሰው በማስታወቂያ ላይ ያምራሉ ብሎ አላወጣቸውም። ይሁንና ገበያው ወደዳቸው። በየሱቁ «386 አለህ?» ተብሎ መጠየቅ ተጀመረ። ኢንቴል ላይ መዘዝ ያመጣውም ይኸው መወደድ ነው።

አይቢኤም በአንድ አቅራቢ ብቻ መታሰር ስላልፈለገ ኢንቴል ንድፉን ለሌላ አምራች እንዲያካፍል ግድ ሆነበት፤ ኤኤምዲ በ1982 ስምምነት የኢንቴልን ቺፖች የማምረት መብት ያገኘው በዚህ ነው። ኢንቴል 386 ላይ ሲደርስ ግን ለብቻዬ ልያዘው አለ። ኤኤምዲ በበኩሉ የራሱን አመሳስሎ ሠርቶ በ1991 «ኤኤም386» ብሎ ለገበያ አቀረበ። ኢንቴል «386 የኔ የንግድ ምልክት ነው» ብሎ ከሰሰ። የካሊፎርኒያው የፌዴራል ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት የሰጠው ውሳኔ አጭር ነበር፦ 386 የዕቃ ዓይነት መጠሪያ ሆኗል፣ የማንም የግል ንብረት አይደለም።

ነገሩ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውኃ ስም ነበር። ዛሬ ልጅ «ሃይላንድ አምጣ» ሲባል የማንኛውንም ኩባንያ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፤ ማንም ተሳሳትህ አይለውም። የኦሞም ዕጣ ይኸው ነው። የንግድ ምልክት ከመጠን በላይ ሲወደድ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ የሕዝብ ቃል ይሆናል። 386 የሃይላንድ ዕጣ ደረሰበት።

ከዚያ ወዲህ ያለው የስም ታሪክ በሙሉ ለዚህ ሽንፈት የተሰጠ ምላሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ኢንቴል በዚያው በ1991 «ኢንቴል ኢንሳይድ» የተባለውን ዘመቻ ጀመረ፤ ኮምፒውተር ሻጮች በማስታወቂያቸውና በማሽናቸው ላይ አርማውን ካደረጉ የማስታወቂያ ወጪያቸውን በከፊል ይከፍልላቸው ነበር። ገዢው በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን፣ በብረት ሣጥን ውስጥ የተቀበረ ዕቃ በስም ጠርቶ እንዲጠይቅ ማስተማር ቀላል ሥራ አይደለም። ቀጥሎ መውጣት የነበረበትን 586 ደግሞ ጨርሶ ተዉት። ሌክሲኮን የተባለውን የስም አውጪ ድርጅት ቀጠሩና በ1993 ገበያ ላይ የዋለው ቺፕ ፔንቲየም ተባለ።

ይህን ቃል ዝም ብለው አይለፉት፣ በጥበብ የተሠራ ነው። «ፔንቴ» በግሪክኛ አምስት ማለት ነው፤ እኛ ጰንጠቆስጤ የምንለው ሃምሳኛው ቀን ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ስለዚህ የአምስተኛው ትውልድ ፍንጭ በውስጡ አለ፣ ግን ቁጥር ስላልሆነ ተፎካካሪ «እኔም አምስተኛ አለኝ» ብሎ ሊወስደው አይችልም። መጨረሻው ደግሞ እንደ ሶዲየም እና ካልሲየም ስለሆነ የተፈጥሮ ንጥረ ነገር ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ከእሱ የተሠራ፣ ያለ እሱ የማይሆን እንዲመስል። ከዚህ በላይ በየትኛውም መዝገበ ቃላት ውስጥ ስለሌለ በየትኛውም አገር የንግድ ምልክት መዝገብ ላይ ለመጻፍ አያስቸግርም።

የስም ኃይል ግን በሁለት በኩል የተሳለ ነው። በ1994 በፔንቲየም ውስጥ ያለ የማካፈል ስሌት ስህተት ታወቀ። አብዛኛውን ተጠቃሚ የማይነካ፣ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ስህተት ነበር። ቺፑ 80586 ተብሎ ቢሆን ኖሮ ወሬው በመሐንዲሶች መካከል ተነግሮ ያልቅ ነበር። ኢንቴል ግን ስሙን ለዓለም ሁሉ አስተምሮ ነበርና የቤት እመቤቱም የባንክ ሠራተኛውም «የኔስ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁ። ኩባንያው ቺፖቹን ለመቀየር 475 ሚሊዮን ዶላር መደበ።

ሌላው አስቂኝ ነገር፣ አምስት የሚለው ቃል ስድስትንም ሰባትንም ተሸክሞ መሄዱ ነው። ስሙ ሥር ከሰደደ በኋላ መተው ኪሳራ ስለሆነ ፔንቲየም ፕሮ፣ ፔንቲየም 2፣ ፔንቲየም 3 መጡ። በ2000 የወጣው ፔንቲየም 4 ቃል በቃል ቢተረጎም «አምስታዊ አራት» እንደማለት ነው። ያኔ ማንም ትርጉሙን አያስታውስም ነበር፣ ማስታወስም አላስፈለገም። ለርካሹ መደብ በ1998 ሴለሮን የሚል ስም ወጣ፤ «ፈጣን» ከሚለው የላቲን ቃል። ከቤተሰቡ ሁሉ ቀርፋፋው ፈጣን መባሉ ለእኔ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ጤፍ ሻጭ ሰርገኛውን ማኛ ሲል እንደምንስቀው ነው።

ተፎካካሪዎቹስ? ኤኤምዲ ለራሱ አምስተኛ ትውልድ ኬ5 የሚል ስም አወጣ፤ ኬው ክሪፕቶናይት ከሚለው ነው፣ ልቦለዱ ውስጥ ሱፐርማንን የሚያደክመው ድንጋይ። ሱፐርማኑ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሳይሪክስ የተባለው አምራች ደግሞ ኢንቴል ጥሎት የሄደውን ቁጥር አንሥቶ 6ኤክስ86 አለ። ከዚህ የባሰው ቁጥርን መለኪያ አስመስሎ ማቅረብ ነበር። አንድ የሳይሪክስ ቺፕ በላዩ ላይ 200 እና የመደመር ምልክት ተጽፎበት ይሸጥ ነበር፤ እውነተኛ ፍጥነቱ 150 ሜጋኸርዝ ነው። 200ው «የ200 ሜጋኸርዝ ፔንቲየምን ያህል ይሠራል» ለማለት ነው። በቢሮ ሥራ ፕሮግራሞች ላይ ያህላል፤ ጨዋታ ሲከፈትበት ግን ወደኋላ ይቀራል።

ይህን ጨዋታ ኤኤምዲ በ2001 በተሻለ ጨዋነት ደገመው፣ እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ቆሜያለሁ። ፔንቲየም 4 የተነደፈው የሰዓት ቁጥሩ ከፍ እንዲል ነው፤ እርምጃው ብዙ፣ ስንዝሩ አጭር። የኤኤምዲው አትሎን እርምጃው ዝግ ቢልም አንዱ እርምጃ ሩቅ ያደርሰዋል። ገዢው ግን የሚያየው የእርምጃውን ብዛት ብቻ ነው። በማርች 2000 ሁለቱ ኩባንያዎች 1 ጊጋኸርዝ (1,000 ሜጋኸርዝ) ለመድረስ ሲሽቀዳደሙ ኤኤምዲ በሁለት ቀን ብቻ ቀድሞ ነበር፤ ያ ድል በዓመት ውስጥ በፔንቲየም 4 ቁጥር ተዋጠ። ስለዚህ አትሎን ኤክስፒ ሲወጣ 1,533 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን ቺፕ «1800+» አሉት። በይፋ ሲጠየቁ ቁጥሩ ከራሳቸው የቀድሞ አትሎን ጋር የተነጻጸረ ነው ይሉ ነበር። ሁሉም ሰው ግን በፔንቲየም 4 ሜጋኸርዝ አነበበው፣ እንዲነበብ የታሰበውም እንደዚያው ነበር።

የሜጋኸርዙን ዘመን የዘጋው ሙቀት ነው። ፔንቲየም 4 ወደ 4 ጊጋኸርዝ እንደሚደርስ ተነግሮ 3.8 ላይ ቆመ። የኢንቴል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ክሬግ ባሬት በ2004 መድረክ ላይ በጉልበታቸው ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ፤ በቀልድ መልክ ቢሆንም ተንበረከኩ። ከዚያ ቀደም ብሎ ኢንቴል በእስራኤሏ ሐይፋ ያለው ቡድኑ የነደፈው የላፕቶፕ ቺፕ፣ ፔንቲየም ኤም፣ በዝቅተኛ ሰዓት እየሠራ ከፍተኛ ሰዓት ያላቸውን የራሱን ወንድሞች ያሸንፍ ጀመር። «ሰዓቱ ይበልጣል» ብሎ ሲሰብክ ለኖረ ኩባንያ ይህ አሳፋሪ ነው። መውጫው በ2004 ሜጋኸርዙን ከስሙ ላይ ማንሣት ሆነ፤ 3 መቶዎች፣ 5 መቶዎች እና 7 መቶዎች የተባሉ እርከኖች መጡ። የቢኤምደብልዩ መኪኖች 3፣ 5 እና 7 ተብለው ስለሚሸጡ ቀልደኛ ሁሉ ያኔ ቀልዶባቸዋል።

የእርስዎ ላፕቶፕ ላይ ያለው ስም የዚያ ልጅ ነው። በ2008 ኮር አይ7፣ በ2009 አይ5፣ በ2010 አይ3 ወጡ። በ2017 ኤኤምዲ ራይዘን የተባለውን ቺፑን ይዞ ሲመለስ እርከኖቹን ምን አላቸው? ራይዘን 3፣ ራይዘን 5፣ ራይዘን 7። እዚህ ላይ ፈገግ ይበሉ። ከዚያ 26 ዓመት ቀደም ብሎ ፍርድ ቤቱ ቁጥር የማንም አይደለም ብሎ ነበር፤ ኤኤምዲ ያንን ፍርድ እንደ ቼክ አውጥቶ መነዘረው። ገዢው አይ7ን ያውቃል፣ ራይዘንን አያውቅም፤ 7ቷ ብቻዋን ማብራሪያ ሆና አገለገለች። በዚያው ዓመት ኢንቴል አይ9 ብሎ አንድ ደረጃ ጨመረ፣ ኤኤምዲም በ2019 ራይዘን 9ን አመጣ።

ቁጥር የመንጠቁ ነገር ከፕሮሰሰሩ አልፎ እሱ የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርድ ላይም ደርሷል። የኢንቴል መካከለኛ ቺፕሴት (የማዘርቦርዱ ረዳት ቺፕ) ቢ250 ሲባል ኤኤምዲ ቀጣዩን ቁጥር ቀድሞ ይዞ የራሱን ቢ350 አለው። ኢንቴል ተራው ሲደርስ ቁጥሩ ተይዟል፤ ቢ360 ብሎ ለመዝለል ተገደደ። ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ወሰን ድንጋይ ሲካሰሱ ይመስላል።

አሁን መሐንዲሱ በእውነት የሚያውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ጊዜ ውዱና ርካሹ ቺፕ ከአንድ ማኅፀን የወጡ ናቸው። ቺፕ የሚሠራው በክብ የሲሊከን ሰሌዳ ላይ በመቶዎች ሆኖ ነው፤ ሁሉም እኩል ጤነኛ ሆኖ አይወጣም። ቡና ተለቅሞና ተበጥሮ ከአንድ ማሳ የተለያየ ደረጃ እንደሚወጣው ሁሉ፣ ቺፖቹም ተፈትነው ይለያሉ። ስምንት ኮር እንዲኖረው የተሠራው የኤኤምዲ ቺፕ ሁሉም ኮሮቹ ደህና ከሆኑ ራይዘን 7 5800ኤክስ ይባላል፤ ሁለቱ ሲዘጉ ራይዘን 5 5600ኤክስ። ይህ ብልህነት ነው፣ ብክነትንም ይቀንሳል። ነገር ግን ጤነኛው ሆን ተብሎ የሚዘጋበት ጊዜም አለ፣ ርካሹ መደብ ባዶ እንዳይቀር። በ1991 ኢንቴል 486ኤስኤክስ ብሎ የሸጠው ቺፕ የአስርዮሽ ስሌት ክፍሉ የተዘጋበት 486 ነበር። ያንን ክፍል የፈለገ ደግሞ 487ኤስኤክስ የተባለ ረዳት እንዲገዛ ይነገረው ነበር። ረዳቱ ሲከፈት ግን ሙሉ 486 ሆኖ ተገኘ፤ ሲሰካ የመጀመሪያውን ቺፕ አጥፍቶ ሥራውን በሙሉ ብቻውን ይወስዳል። ሁለት ስም፣ ሁለት ክፍያ፣ አንድ ዕቃ።

ወደ ዘመናችን ወጥመዶች እንምጣ፤ እርስዎን የሚመለከቱት እነዚህ ናቸውና።

ሙሉ ቁጥሩን የሚያነብ ሰው በከፊል ይድናል። በ7500ዩ ላይ የመጀመሪያው 7 ትውልዱን ወይም ሱቆቻችን «ጄኔሬሽን» የሚሉትን ያሳያል፣ 500ው በትውልዱ ውስጥ ያለውን ቦታ፣ ዩ ደግሞ ኃይል ቆጣቢ የላፕቶፕ ቺፕ መሆኑን። ኤች ካለ ኃይሉ ከፍ ያለ ላፕቶፕ ነው፤ ኬ ካለ ሰዓቱ እንዲጨመርበት የተፈቀደ የጠረጴዛ ቺፕ፤ ኤፍ ካለ በውስጡ የምስል ክፍል የለውም። ሻጩ «አይ7 ነው» ሲል የነገረዎት ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ነው።

ትውልዱ ራሱ ግን ሁልጊዜ አይታመንም። በ2019 ኢንቴል «አሥረኛ ትውልድ» ብሎ ሁለት የማይገናኙ ቤተሰቦችን ሸጧል። አይ7-1065ጂ7 አዲስ ንድፍና አዲስ የአመራረት ዘዴ ነበር፤ አይ7-10510ዩ ደግሞ የቆየው ንድፍ ታድሶ የቀረበበት። ሁለቱም አሥረኛ፣ ሁለቱም አይ7። ኤኤምዲም በ2022 ለላፕቶፕ ቺፖቹ አዲስ የአቆጣጠር ሥርዓት አወጣ፤ እንደሱ ከሆነ የመጀመሪያው አኃዝ የሽያጭ ዓመቱን ያሳያል፣ የንድፉን ዕድሜ የሚናገረው ሦስተኛው አኃዝ ነው። ስለዚህ ራይዘን 5 7520ዩ በ7 ይጀምርና የ2023 ዕቃ ይመስላል፤ ሦስተኛው አኃዝ 2 ግን ንድፉ ዜን 2 መሆኑን፣ ማለትም በ2019 የወጣ መሆኑን በጸጥታ ይናዘዛል። ምስጢር አልነበረም፣ ኩባንያው ራሱ የመፍቻ ሠንጠረዥ አሳትሟል። ግን ሱቅ ውስጥ መፍቻ ይዞ የሚገባ ማን ነው?

ኢንቴል በ2023 መጨረሻ ይህንኑ ቺፕ እያሳየ ኤኤምዲን ከሐሰተኛ መድኃኒት ሻጭ ጋር የሚያነጻጽር ጽሑፍ አሰራጨ፤ ብዙም ሳይቆይ አነሣው። በሚቀጥለው ወር ራሱ ኮር 7 150ዩ የሚል አዲስ ስም ይዞ ብቅ አለ፤ ውስጡ ከዓመት በፊት የሸጠው ንድፍ ነበር። አይ የምትለዋ ፊደል በ2023 መነሣቷን፣ አዲሶቹ «ኮር» እና «ኮር አልትራ» መባላቸውን ልብ ይበሉ። ወደፊት ሱቅ ሲገቡ አይ7 ፈልገው «ኮር 7» ቢያገኙ አይደንግጡ፣ ሁሉም አዲስ ነው ብለውም አይመኑ።

በግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያሠራው ክፍል) ገበያ አንድ ጊዜ ገዢው አሸንፏል። ኤንቪዲያ በሴፕቴምበር 2022 አርቲኤክስ 4080 የሚባል ካርድ በሁለት ዓይነት አስተዋወቀ፣ ባለ16 እና ባለ12 ጊጋባይት። ልዩነታቸው የማስታወሻው መጠን ብቻ ይመስላል፤ የስሌት ክፍሎቻቸው ግን 9,728 እና 7,680 ነበሩ። ሌላ ቺፕ ነው። ተቃውሞው በርትቶ ኩባንያው ገና ለሽያጭ ሳይቀርብ ባለ12ቱን ሰረዘው፣ ስሙ በትክክል እንዳልወጣም በይፋ አመነ። በጃንዋሪ 2023 ያው ካርድ አርቲኤክስ 4070 ቲአይ ተብሎ በ899 ዶላር ፈንታ በ799 መጣ። የአንድ ስም ዋጋ መቶ ዶላር መሆኑን በይፋ ደረሰኝ ያየነው ያኔ ነው።

ስልክ ላይም ነገሩ አይለይም። የስልክ ቺፕ አምራቹ ኳልኮም ስናፕድራጎን ከሚላቸው ቺፖቹ መካከል ከ865 ቀጥሎ 888 ያለው ስምንት ቁጥር በቻይናውያን ዘንድ የዕድል ምልክት ስለሆነ ነው። ከዚያ 8 ጄን 1፣ ጄን 2፣ ጄን 3 አለ፤ ከዚያ 8 ኢሊት፤ በ2025 ደግሞ 8 ኢሊት ጄን 5። ሁለተኛው ኢሊት አምስተኛ የተባለው ቆጠራው ከ8 ጄን 1 ስለሚጀምር ነው አሉ። ይህን የምሰማው ሥራዬ ሆኖ ነው እንጂ እኔም ግራ ይገባኛል። በቺፖቹ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ናኖሜትርም (የሜትር ቢሊዮንኛ) ቢሆን ዛሬ በቺፑ ላይ የሚለካ አንድ ነገር አይደለም፤ ኢንቴል በ2021 10 ናኖሜትር ይለው የነበረውን አንዱን የአመራረት ዘዴ «ኢንቴል 7» ብሎ ሰይሞታል።

ከዚህ ሁሉ ስም መካከል እኔ የምወደው ገዢው የማያየውን ነው። ምኒልክ ሲወለዱ ሣህለ ማርያም፣ ሲነግሡ ዳግማዊ ምኒልክ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ዳኛው ነበሩ። ቺፕም እንዲሁ ነው። የገበያ ስሙ ሳይወጣለት በፊት መሐንዲሶቹ የሚጠሩበት የቤት ስም አለው። ኢንቴል ለዚህ የወንዝና የቦታ ስም ይመርጣል፤ ኔሃለም፣ ዊላሜት፣ ክላማት፣ አብዛኞቹ የአሜሪካዋ ኦሪገን ወንዞች። ምክንያቱ እዚህም ጠበቃ ነው፤ ወንዝ ክስ አይመሠርትም። አፕል በ1993 ገደማ አንዱን ኮምፒውተር በውስጥ «ካርል ሴጋን» ብሎ ሲጠራ የሥነ ፈለክ ሊቁ ሴጋን ተቃውመው ነበር፤ መሐንዲሶቹ ተናድደው በመጨረሻ ትርጉሙ «ጠበቆች ፈሪዎች ናቸው» የሚል ምሕፃረ ቃል ሰጡት።

የሐይፋው ቡድን የቤት ስሞች ግን መጽሐፍ ቅዱስ ለሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ የቅርብ ዘመድ ናቸው። ፔንቲየም ኤም በቤት ስሙ ባንያስ ነው፤ በወንጌል የፊልጶስ ቂሣርያ የተባለችው ቦታ። ተከታዩ ዶታን፣ ዮሴፍ ወንድሞቹን ያገኘባት ዶታይን። ከዚያ ዮና፣ ማለት ዮናስ። በ2011 የወጣው ሳንዲ ብሪጅ ሲፀነስ ጌሼር ነበር፣ በዕብራይስጥ ድልድይ። በእስራኤል ጌሼር የሚባል የከሰመ የፖለቲካ ፓርቲ ስለነበር ስሙ ተቀየረ፤ ድልድይነቱ ግን በእንግሊዝኛው ቀረ። ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባት በቂርያት ጋት የኢንቴል ትልቅ ፋብሪካ አለ፤ እዚያ ያለ አንባቢ እነዚህን ስሞች ከእኔ በላይ ያውቃቸዋል።

አንድ ኑዛዜ አለብኝ። ከዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ግዢ የጨረታ ሰነድ ስጽፍ «ፕሮሰሰር፦ ኮር አይ7» ብዬ አለፍኩ። አሸናፊው አቅራቢ ያመጣው ሁሉም አይ7 ነበር፣ ከገበያው የመጨረሻው አሮጌ አይ7። ሰነዱን አገላብጬ ባየው አንድም ያፈረሰው ቃል የለም። ከዚያ ወዲህ በጻፍኩት ሰነድ ሁሉ ትውልዱን፣ የኮሩን ብዛት እና መጨረሻ ላይ የምትመጣውን ፊደል ሳልጽፍ ፈርሜ አላውቅም።

ለእርስዎ ላፕቶፖች፦ ለትርጉም ሥራ ማስታወሻቸው (ራም) 8 ጊጋባይት ከሆነ ወደ 16 ያሳድጉት፤ ተሽከርካሪ ዲስክ ካላቸው በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል በሌለው ፈጣን ማከማቻ) ያስቀይሩ። ይህ ከአይ5 ወደ አይ7 ከመዛወር የበለጠ ይሰማዎታል። አንድ ነገር ግን በማስታወሻ አይጠገንም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የሚቀበላቸው የኢንቴል ቺፖች ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛው ትውልድ ይጀምራሉ፤ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። የጎረቤትዎ 8250ዩ በዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ የእርስዎ 7500ዩ የለም። ስለዚህ በሚቀጥለው ግዢ ሻጩን «አይ ስንት ነው?» ብለው አይጠይቁት። ላፕቶፑን አስከፍተው ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ፤ በሚመጣው መስኮት የአፈጻጸም ገጹን ሲከፍቱ ሙሉ ቁጥሩም የኮሩ ብዛትም ተጽፎ ያገኙታል። ዋጋ የሚነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው።